አይቲፒ እንዳለብዎ ሲነገርዎ፦ ከመጠበቅ እስከ ጣፊያ ማስወጣት፣ ሕክምናዎቹን አወዳድሮ መምረጥ

የደም ምርመራ ውጤት ላይ ፕሌትሌት በሚለው መስመር 18,000 ተጽፎ፣ ከጎኑ መደበኛው ከ150,000 እስከ 450,000 መሆኑ ሲነበብ የማይደነግጥ የለም። ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያሉትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ህዋሳት ይቆጥራል። አይቲፒ (ኢሚዩን ትሮምቦሳይቶፔኒያ) ሲይዝ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት እነዚህን የገዛ ህዋሳቱን እንደ ባዕድ ያይና ፀረ እንግዳ አካል ይለጥፍባቸዋል፤ ጣፊያም የተለጠፈባቸውን እየለቀመ ያጠፋቸዋል። ጤነኛ ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ይኖራል። በዚህ በሽታ ግን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ መቅኔም የጎደለውን ያህል ቶሎ አያመርትም። በሽታው ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በአመጋገብ ጉድለትም አይመጣም።

መድኃኒቶቹን ለማወዳደር ስለ እያንዳንዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቁጥሩን በስንት ቀን ያነሳል? መድኃኒቱ ሲቆም ውጤቱ ይቆያል? ካልተስማማኝ ወደ ኋላ መመለስ እችላለሁ? ሦስቱንም በጥሩ የሚመልስ ሕክምና የለም። ፈጣኖቹ አይቆዩም፣ የሚቆየው ደግሞ አይመለስም።

ከምርጫው በፊት፦ በእርግጥ አይቲፒ ነው?

አይቲፒን ለብቻው የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም፤ ሐኪሙ እዚያ የሚደርሰው ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አስወግዶ ነው። መጀመሪያ የሚወገደው የላቦራቶሪው የራሱ ስህተት ነው። ደም በሚቀዳበት ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ማሽኑም ተጣብቀው የተከመሩትን ለይቶ አይቆጥርም። ስለዚህ የደም ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ ደሙ ሲትሬት ባለበት ብልቃጥ ተቀድቶ ይደገማል። ምንም ሳይደሙ፣ ሳይበልዙ ቁጥሩ 9,000 ብሎ ከወጣ ይህን ሳያስደግሙ ስቴሮይድ (የመከላከል ሥርዓቱን የሚያዳክመውን የመጀመሪያ ሕክምና) አይጀምሩ።

ቀጥሎ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል፤ የተኛው ቫይረስ በስቴሮይድና ከታች በሚመጣው ሪቱክሲማብ በሚባል መድኃኒት ሊነሳ ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪም በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታያል፤ ከተገኘ ማጥፋቱ ብቻውን ፕሌትሌቱን የሚያነሳላቸው ሰዎች አሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዙትንም ጨምሮ፣ ለሐኪምዎ ይናገሩ፤ የወባ መድኃኒቱ ኪኒን፣ የደም ማቅጠኛው ሄፓሪንና አንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞል ፕሌትሌት ከሚያወርዱት ውስጥ ናቸው። ነጭና ቀይ የደም ህዋሳትም አብረው ከወረዱ ወይም ጣፊያው ካበጠ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የመቅኔ ምርመራ ይታሰባል። ሁሉም ነገር የአይቲፒን መልክ ከያዘ ግን መቅኔ ለመቅዳት ዳሌ ላይ መወጋት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

መታከም ወይስ እየተከታተሉ መጠበቅ

ለአዋቂ ሰው መለያ መስመሩ 30,000 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ደም ካልፈሰሰ ወይም ትንሽ መበለዝ ብቻ ካለ መጠበቅ ይመረጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ስቴሮይድ ይጀመራል። አዲስ የታወቀና ከ20,000 በታች የሆነ አዋቂ ሆስፒታል ተኝቶ ቢታይ ይሻላል።

መስመሩ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ ቀድሞ ደም ፈሶት የሚያውቅ ወይም ሥራው ከፍታ ላይ የሚያወጣው ሰው በ40,000ም ሊታከም ይችላል። በአፍ ውስጥ፣ ጉንጭና ምላስ ላይ፣ ደም የቋጠሩ ውኃ መሳይ እብጠቶች ከታዩ ደግሞ እግር ላይ ካሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይልቅ አሳሳቢ ናቸው፤ ቶሎ ለሐኪም ይታዩ።

ልጆች ላይ ነገሩ ይለያል። ልጁ ደም ካልፈሰሰውና ቆዳው ላይ ብቻ ነጠብጣብ ካለው ቁጥሩ 10,000 ቢሆንም መጠበቅ ተቀባይነት ያለው ምርጫ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች በወራት ውስጥ፣ ከ10 ልጆች 8 ያህሉም በአንድ ዓመት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። ወላጅ ይህን ለመቀበል የሚቸገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕክምና የለም የተባለ ያህል ይሰማዋል። ልጁ ግን በየሳምንቱ እየታየ ነው፤ ጭንቅላት የሚያስመታ ጨዋታ ተከልክሏል፤ ለምን ምልክት መሮጥ እንዳለበትም ቤተሰቡ ያውቃል። ልጁ መታከም ካለበት ፕሬድኒሶሎን ለአንድ ኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም፣ በቀን ከ120 ሳይበልጥ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይሰጣል።

አዋቂ ላይ ያለ ሕክምና መዳን አለ፣ ግን ብዙ አያጋጥምም። በሽታው እስከ 3 ወር አዲስ፣ ከ3 እስከ 12 ወር የቀጠለ፣ ከ12 ወር በኋላ ሥር የሰደደ ይባላል። ይህ አከፋፈል ከታች ላለው ምርጫ ወሳኝ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና፦ ፕሬድኒሶሎን ወይስ ዴክሳሜታሶን

ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ጣፊያ ፕሌትሌት የሚለቅምበትን ፍጥነትም ፀረ እንግዳ አካል መመረቱንም ያዳክማሉ።

ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ይዋጣል፤ የተለመደው መነሻ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 60 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ80 አይታለፍም። ሙሉው መጠን ለ2 ሳምንት፣ ቢበዛ ለ3 ይቆይና እየተቀነሰ በአጠቃላይ በ6 ሳምንት አካባቢ ያልቃል። ውጤቱ ከ4 እስከ 14 ቀን ይታያል። በ2 ሳምንት ውስጥ ምንም ካልተነሳ መጠበቅ ጥቅም የለውም፤ በሐኪም ትእዛዝ ፈጠን ብሎ ተቀንሶ ወደ ሌላ ይኬዳል።

ዴክሳሜታሶን በቀን 40 ሚሊግራም ለ4 ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ ካስፈለገ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ክኒኑ ባለ 4 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ 10 ፍሬ ይዋጣል፤ በዚህ የተነሳ ማዘዣው የተሳሳተ የሚመስላቸው ሰዎች አንድ ፍሬ ብቻ ውጠው ይመለሳሉ። መጠኑ ትክክል ነው፤ በጉልበቱ በቀን ወደ 270 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይጠጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ዴክሳሜታሶን ፈጠን ይላል። ከወራት በኋላ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የጎላ ልዩነት አይታይም። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በሰውየው ነው። 4 ቀን ከባድ እንቅልፍ ማጣትና የስኳር መውጣት ችሎ መገላገል የሚፈልግ፣ ክኒን ለሳምንታት በሥርዓት መውሰድ የሚከብደው ሰው ዴክሳሜታሶን ይስማማዋል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ስቴሮይድ ቀድሞ አእምሮውን የረበሸው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው መጠኑ እንደ ሁኔታው የሚስተካከለውን ፕሬድኒሶሎን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

በእኛ እይታ በዚህ ደረጃ ትልቁ ስህተት የመድኃኒቱ ዓይነት አይደለም፣ ማቆም አለመቻል ነው። መጠኑ ከ20 ሚሊግራም ሲወርድ ፕሌትሌቱም ይወርዳል፤ መጠኑ ይመለሳል፤ እንደገና ይቀነሳል፤ እንዲህ እያለ 8 ወር ይሞላል። በዚያ ጊዜ ፊቱ ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ይወጣሉ፣ የዓይን ሞራ ይጀምራል። በ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ስቴሮይዱን ማቆም ካልተቻለ ጥያቄው «ምን ያህል ልቀንስ?» መሆኑ ያበቃል፤ «ሁለተኛው ሕክምና የትኛው ይሁን?» ብለው ይጠይቁ። ከሳምንታት በላይ የተወሰደን ስቴሮይድ በአንድ ቀን መጣል ግን አደገኛ ነው፤ የኩላሊት ላይ ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት አቁመው ስለሚቆዩ ሰውየው ደክሞ ሊወድቅ፣ ግፊቱም ሊያሽቆለቁል ይችላል።

ክኒኑን ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ጨጓራንም እንቅልፍንም ይረዳል። ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ የነካዎት ወይም ስትሮንግሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል በሚገኝበት አካባቢ የኖሩ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ፤ ሁለቱም በስቴሮይድ ሊነሱ ይችላሉ፤ ትሉ ደግሞ ከተስፋፋ ይገድላል።

ጊዜ ከሌለ

ደም እየፈሰሰ ከሆነ ወይም ነገ ቀዶ ሕክምና ካለ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተለየ ፀረ እንግዳ አካል) በደም ሥር ይሰጣል፤ ለአንድ ኪሎ 1 ግራም ለ1 ወይም ለ2 ቀን። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ውስጥ ቁጥሩን ያነሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይወርዳል። ድልድይ ነው፣ መድረሻ አይደለም። ከባድ ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ዝግ ባለ ፍጥነት መስጠትና ውኃ በብዛት መጠጣት ይረዳል። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ደም የመርጋት ታሪክ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር።

ከለጋሽ የተወሰደ ፕሌትሌት መስጠት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቢሆንም እዚህ ትርፉ ትንሽ ነው፤ የተሰጠውም በሰዓታት ውስጥ በዚያው ፀረ እንግዳ አካል ይጠፋል። ሕይወት የሚያሰጋ መድማት ሲኖር ብቻ ከኢሚዩኖግሎቡሊንና ከስቴሮይድ ጋር ይሰጣል።

ሁለተኛው ምርጫ፦ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ያስቡ

ስቴሮይዱ ሲቆም ቁጥሩ ከወደቀ ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ በጠባያቸውም እጅግ ይለያያሉ።

*መቅኔን የሚቀሰቅሱት።* ሮሚፕሎስቲም በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ለአንድ ኪሎ ከ1 ማይክሮግራም ይጀምርና እስከ 10 ይደርሳል። ኤልትሮምቦፓግ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ50 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ጣሪያው 75 ነው፤ ጉበቱ የታመመ ሰው በ25 ይጀምራል። አቫትሮምቦፓግም ክኒን ነው፤ ከ20 ሚሊግራም ይጀምራል፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሁሉም ማምረቻውን ያፋጥናሉ፤ ከግማሽ በላይ በሆኑ ሰዎች፣ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ሥራቸው ይታያል።

ኤልትሮምቦፓግ «አልሠራ አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰዓት ነው። ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክና ማግኒዝየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። ስለዚህ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ወይም የማዕድን ክኒን ከመውሰድዎ 2 ሰዓት በፊት፣ አለያም ከወሰዱ 4 ሰዓት በኋላ ይዋጣል። ከመተኛት በፊት መዋጥ ለብዙ ሰው ቀላሉ መፍትሔ ነው። የጉበት ምርመራም መጠኑ እስኪረጋ በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይደረጋል። ይህን ሥርዓት መጠበቅ የማይችል ሰው አቫትሮምቦፓግን ወይም ሮሚፕሎስቲምን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ግቡ መደበኛ ቁጥር አይደለም፤ ከ50,000 በላይ ሆኖ አለመድማት ነው። 200,000 ሲያልፍ መጠኑ ይቀነሳል፤ ደም የመርጋት አደጋ አለና። ቀድሞ እግሩ ወይም ሳንባው ላይ ደም የረጋበት ሰው ይህን ቡድን ከመምረጡ በፊት ከሐኪሙ ጋር በደንብ ይመካከር። ሁለተኛው ወጥመድ ድንገተኛ ማቆም ነው። መድኃኒቱ አልቆ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ፕሌትሌቱ ከመነሻውም በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ሳጥን መቼና ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ አይጀምሩት፤ ሲቆምም ቢያንስ ለ4 ሳምንት በየሳምንቱ ይቆጠር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቀስ እያሉ ቀንሰው ያለ መድኃኒት የሚቀሩ ሰዎችም አሉ፤ ማን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

*ሪቱክሲማብ።* ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ህዋሳት ያጠፋል። ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 375 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንዴ ለ4 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው፤ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ስለሚያመጣ በዝግታ ይንጠባጠባል። ከ1 እስከ 8 ሳምንት ያስጠብቃል። ከ10 ሰው 6 ያህሉ መጀመሪያ ላይ ምላሽ ያገኛሉ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን ያለ ሌላ ሕክምና የሚዘልቁት ከ4 ወይም ከ5 አንድ ያህል ናቸው። በሽታቸው ገና ያልቆየባቸው ወጣት ሴቶች የተሻለ ዕድል አላቸው። መስህቡ ግልጽ ነው፤ አራት ቀጠሮ፣ ከዚያ ዕረፍት። ነገር ግን ክትባት የሚያስፈልግዎት ከሆነ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይወሰድ፤ ከሪቱክሲማብ በኋላ ለ6 ወር ያህል ሰውነት ለክትባት እምብዛም ምላሽ አይሰጥም። ጣፊያ ለማስወጣትም ክትባት ስለሚያስፈልግ፣ ያ ሐሳብ ካለ ይህ ቅደም ተከተል በተለይ ይታሰብበት።

*ጣፊያ ማስወጣት።* ከሁሉም የቆየው ነው፤ ሐሳቡን በ1916 ያመጣው በፕራግ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ፖል ካዝኔልሰን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ውጤቱ በመዝለቅ የሚወዳደረው የለም፤ ከ5 ሰው 4ቱ ምላሽ ያገኛሉ፣ ከ3 ሰው 2ቱ ያህል ለዓመታት ያለ መድኃኒት ይኖራሉ። ቁጥሩም በቀናት ውስጥ ይነሳል። ያም ሆኖ የወጣ ጣፊያ አይመለስምና ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ ይመከራል፤ በዚህ ጊዜ በሽታው በራሱ ሊተው ይችላል።

ዋጋው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የኢንፌክሽን አደጋ ነው። የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሂብ ክትባቶች ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይሰጣሉ፤ በኋላም ይታደሳሉ። ከዚያ በኋላ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ሰዓት አንቲባዮቲክና ሆስፒታል ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም የሚጓዝ ሰው ደግሞ ያለ ጣፊያ ሲታመም ይከፋበታል። ከሆስፒታል የሰዓታት መንገድ ርቆ ለሚኖር ሰው እኛ ይህን ምርጫ ወደ መጨረሻ እናስቀምጠዋለን፤ በየሳምንቱ ለመርፌ መመላለስ ለማይችል፣ የማያቋርጥ መድኃኒት ለማያገኝና ለተከተበ ወጣት ግን ሐቀኛ አማራጭ ነው። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ ከወደቀ የተረፈ ትንሽ ተጨማሪ ጣፊያ አለመኖሩ ይፈተሻል።

ሦስቱም ካልሆኑ ሌሎች አሉ። ፎስታማቲኒብ ጣፊያ ውስጥ ያሉትን ለቃሚ ህዋሳት ያግዳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይዋጣል፣ ግፊትና ተቅማጥ ያመጣል። አዛታዮፕሪን ርካሽና የታወቀ ነው፤ ሥራውን ለመጀመር ግን ወራት ይወስዳል። ዳፕሶን ከመጀመሩ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ይመረመር፤ ኢንዛይሙ የሚጎድለው ሰው ቀይ ደሙ ይፈርስበታል።

ለመውለድ የምታስብ ሴት ዕቅዷን ከሁሉ አስቀድማ ትናገር፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመረጡት ዝቅተኛ ፕሬድኒሶሎንና ኢሚዩኖግሎቡሊን ናቸው። ለወሊድ 50,000 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በጀርባ በኩል ለሚሰጥ ማደንዘዣ ግን ከ70,000 በላይ ይፈለጋል። የሕፃኑም ፕሌትሌት ሲወለድ ይቆጠርና በሚቀጥሉት ቀናት ይደገማል፤ ዝቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከተወለደ ከ2 እስከ 5 ቀን ነው።

መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር

ለሕመም ፓራሲታሞል ይውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሰን ያሉትን ጥቂት ፕሌትሌቶች ሥራ ያስፈታሉ። ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌ ውስጥ ውስጡን ሊያደማ ስለሚችል በሌላ መንገድ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ጥርስ ለማስነቀል 30,000፣ ለትንሽ ቀዶ ሕክምና 50,000፣ ለትልቅ 80,000 ያህል ስለሚፈለግ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይቆጠር።

ነስር ሲይዝ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ጨብጦ 15 ደቂቃ መያዝ ነው። ሰዓት ይያዙ፤ በየሁለት ደቂቃው «ቆመ ይሆን?» ብሎ መልቀቅ የጀመረውን መርጋት ያፈርሳል። ራስን ወደ ኋላ መጣል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመራዋል እንጂ አያቆመውም። የወር አበባ ከበዛ መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ እስከ 5 ቀን ይረዳል፤ ሽንት ውስጥ ደም ላለበትና ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ሰው ግን አይሆንም።

ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ወገን መድከም፣ ግራ መጋባት፣ ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ የደም ሽንት፣ በ15 ደቂቃ ያልቆመ ነስር፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት፦ ለእነዚህ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚናገሩት ይህ ይሁን፦ «አይቲፒ አለብኝ፣ የመጨረሻው ፕሌትሌቴ ይህን ያህል ነበር፣ የምወስደው መድኃኒት ይህ ነው።» ሦስቱን በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩ፤ በዚያ ሰዓት መናገር ሊያቅትዎ ይችላል።